ቀኝ እጅ ወደ ኋላ

ልደታ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017

ይድረስ ጅማ ላሉት ለጋሽ ዱጉማ፤

እርስዎ፣ ልጅዎ እንዳለች፣ የልጅ ልጅዎ ሩሃማ፣ ሁላችሁም እንዴት ከረማችሁ? እንደ ደንቡ አንድ በአንድ እየጠራሁ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን አብዱልሃኪም ወደ እናንተ የሚነዳውን አውቶቡስ ሊያሳጥብ ሲሄድ በዚህ አልፎ ደብዳቤውን እወስዳለሁ ብሎኛልና በጅምላ ስለጠየቅሁ ይቅርታ ይደረግልኝ።

በደብዳቤ የመጣሁት ወድጄ አይደለም። ባለፈው ስደውል «ማነሽ?»፣ «ነጅማ ነኝ»፣ «ማን?»፣ «ነጅማ! ከጂሙ!» ስንባባል ቢሮው ውስጥ ያሉ ባለጉዳዮች በሙሉ ስሜን አወቁት፤ እርስዎ ብቻ ቀሩ። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ መዶሻ ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ስልክ ባይሰማ አልፈርድበትም። መልእክት እንዳልልክ ደግሞ ያቺ ባለ ቁልፍ ስልክዎ አማርኛውን ሳጥን ሳጥን አድርጋ ነው የምታሳይዎት። እኔ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ነው የምውለው። አንድ የራሴን ብጨምር ማንም አይከሰኝም።

በአብዱልሃኪም በኩል ለጠየቁኝ፦ አዎ፣ ተመዝግቤያለሁ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ምልመላ ፈተና ነሐሴ 10 ነው። ሩጫ አለው፤ እሱ አያሳስበኝም። ሃያ አምስት ኪሎ የውሃ ቱቦ ጥቅል ተሸክሞ ደረጃ መውጣት አለው፤ እሱንም እችላለሁ። መጨረሻ ላይ ግን ያንኑ ጥቅል በሁለት እጅ ከራስ በላይ አንስቶ መስቀያ ላይ መስቀል አለ፤ አምስት ጊዜ። ችግሬ እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ አቤቱታው ልግባ። ጉዳዩ፦ የቀኝ ትከሻ። አመልካች ብረት ሽቅብ ስትገፋ እጇ ከጆሮዋ አካባቢ ሲደርስ ትከሻዋ ውስጥ አንድ ነገር ይነክሳታል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ብረቱን ይዞ መቆም፣ ሂጃብ ከኋላ መሰካት፣ በቀኝ ጎን መተኛት ሁሉ ጭንቅ ይሆንባታል። የሚገርመው በረመዳን ወሩን ሙሉ ብረት አልነካሁም፤ ሕመሙ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ከኢድ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። አምናም እንዲሁ ነበር። ካቻምናም፣ እርስዎ ዘንድ በጀመርኩበት ዓመት፣ እንዲሁ።

የሚሄድ ሕመም ለምን ይመለሳል? ደግሞ ሁልጊዜ ቀኝ ብቻ ለምን? ይህን ካላወቅሁ ነሐሴ ላይ መስቀያው ሥር ቆሜ መቅረቴ ነው።

አክባሪዎ ነጅማ


ጅማ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017

ነጅማ፤

ደህና ነን። እንዳለች ደህና ናት። ሩሃማ ሁለት ጥርስ አውልቃ ወሬዋ አልቀነሰም።

አቤቱታሽን አነበብኩት። እናንተ ፍርድ ቤት አካባቢ የሚጻፍ ሁሉ እንዲህ ረጅም ነው?

ትከሻ እንደ መኪና ኩሽኔታ ነው። ሳያሟሙቁት ካስነሱት ይንጫጫል። አሥር ደቂቃ እጅሽን አዙሪ፣ ባዶውን ብረት ግፊ፣ ከዚያ ጫኚ። ሲያምሽ የሞቀ ጨርቅ ጣይበት። በረመዳን ጠፋ ያልሽው ደግሞ ድኖ አይደለም፣ ስላልሠራሽ ነው። የቆመ መኪና አይንጫጫም።

ከሁሉ በላይ አገፋፉን አትልቀቂ። ቀኝ እጅ ወደ ኋላ፣ ግራ እጅ ወደ ፊት፣ አገጭ ወደ ግራ። የቤታችን አገፋፍ ነው። ከሌላ ጂም የመጣ ሰው ሲያይ የሚገረመው በእሱ ነው። ለጠዋቶቹ ሴቶችም እንደዚያው አስተምሪያቸው። ጂሙን ለአብዱሰመድ፣ ሴቶቹን ላንቺ የሰጠሁት አገፋፉን ስለያዛችሁ ነው።

መቼ ትመጣለህ ብለው ለጠየቁ ዝናቡ ይለፍ በያቸው። ስለ እጄ ለአብዱልሃኪም በቃል የላክሽውን ጥያቄ ደግሞ ከየት እንዳመጣሽው አላውቅም። እጄ ደህና ነው።

ዱጉማ


ልደታ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017

ለጋሽ ዱጉማ፤

ሰላም ለቤቱ ሁሉ፣ ለወለቁት ጥርሶችም ጭምር።

በመጀመሪያ ይቅርታ። ስለ እጅዎ የጠየቅሁት አብዱልሃኪም የላክንልዎትን ሻንጣ ሲያቀብልዎት በግራ እጅዎ እንደተቀበሉት ስለነገረኝ ነው። ጋሽ ዱጉማ በግራ ሲቀበሉ አይቼ አላውቅም፤ እኔን በግራ ሰጠሽኝ ብለው ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል። ደህና ነው ካሉ ደህና ነው።

እንዳሉት አሟሟቅሁ። የሞቀ ጨርቅም ጣልኩ። ሦስት ቀን ደህና ሆኜ በአራተኛው ተመለሰ። ቁጭ ብዬ ማልቀስ ስላልፈለግሁ ምርመራ ጀመርኩ። አይቆጡ፤ ሥራዬ አስለምዶኝ ነው። በጠመንጃ ያዥ፣ በሜክሲኮና በዚህ በእኛ ሰፈር ተበትነው ካሉት የድሮ ልጆችዎ አሥራ አራቱን አግኝቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ «የሚያምህ ቦታ አለ?» አሥራ አንዱ ትከሻቸውን ያማቸዋል። አሥራ አንዱም ቀኙን! አብዱልሃኪም ራሱ መሪውን በግራ እጁ የሚይዘው አራዳ ለመምሰል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቀኙ አልነሳ ብሎት ነው። ከሌላ ጂም ወደ እኛ የመጡትንም ጠየቅኋቸው። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዷ ወገቧን ነው የሚያማት፤ ትከሻ የለም።

ቀጥዬ «ቀኝ እጅ ወደ ኋላ የሚሆነው ለምንድን ነው?» አልኳቸው። መልሱን ቢሰሙ ይስቃሉ። አብዱሰመድ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «የጀርባ ሥጋ ለማውጣት ነዋ!» አለኝ። ሙከሚል እርስዎ በደርግ ጊዜ ከአንድ ቡልጋሪያዊ አሠልጣኝ የተማሩት ምስጢር ነው ብሎ ማለልኝ። ገብረየሱስ ደግሞ «ልብ በግራ በኩል ስለሆነ ክብደቱ እንዳያርፍበት ነው» አለ፤ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ነው ያለው። ሦስት ምስክር፣ ሦስት ቃል። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ መዝገብ አይረታም።

እውነተኛውን መልስ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ለምንድን ነው?

ነጅማ


ጅማ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017

ነጅማ፤

ምስክር መጥራት ጀመርሽ? እኔ ሳልሞት?

ቡልጋሪያዊ አላውቅም። ሙከሚልን ውሸታም በይልኝ። ሰው የሚታመመው አገፋፉን ስላበላሸ ነው። ክርኑን ያወርዳል፣ ይቸኩላል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይፎካከራል። አገፋፉ ምንም አላደረገውም።

ለምን ለሚለው፣ እኛ ስንማር ለምን አንልም ነበር።

ሐኪም ዘንድ ልሂድ ወይ ብለሽ በአብዱልሃኪም ለላክሽው፣ ሂጂ። ብረት ተዪ ነው የሚሉሽ። እነሱ ሌላ አያውቁም።

እንዳለች ሰላም ብላሻለች።

ዱጉማ


ልደታ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017

ለጋሽ ዱጉማ፤

እንደተቆጡ አውቃለሁ። ደብዳቤዎ ስምንት መስመር ነበር፤ ግማሹም ሙከሚልን መስደቢያ። ቢሆንም ሰላምታዬን አላስቀርም፤ ለሦስታችሁም ይድረሳችሁ።

ሜክሲኮ አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሸዋዓለም የምትባል ፊዚዮቴራፒስት አየችኝ። ብረት ተዪ አላለችኝም! ክንዴን እያነሳች፣ እያዞረች፣ «እዚህ ጋ? እዚህስ?» ስትል ቆየች። በአጥንትና በአጥንት መካከል የሚያልፉ ጅማቶች አሉ፤ እጄን ወደ ኋላ ጠምዝዤ ከባድ ነገር ሽቅብ በገፋሁ ቁጥር እዚያ ይቆነጠጣሉ፣ ያብጣሉ አለችኝ። ብረቱን ስተው እብጠቱ ይወርዳል፤ ስመለስ በዚያው መንገድ መልሼ እቆነጥጣቸዋለሁ። የረመዳኑ ነገር ተፈታልኝ።

ከዚያ መጥረጊያ እንጨት ሰጥታ «እንደምትገፊው አድርገሽ አሳዪኝ» አለችኝ። ቀኝ ወደ ኋላ፣ ግራ ወደ ፊት፣ አገጭ ወደ ግራ፤ ልቅም አድርጌ አሳየኋት። አየችኝና ምን እንዳለች ያውቃሉ? «ከምንድን ነው የምትሸሺው?»

እኔም ሳላስበው ቀና አልኩ። የክሊኒኩ ጣሪያ ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህች ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። የማን ማመልከቻ ስጽፍ እንደሆነ አላስታውስም፣ በሰው ስም ቦታ ላይ «ጣሪያ» ብዬ ጽፌ ባለጉዳዩ አሳየኝ።

ያዘዘችልኝ ይህ ነው። አራት ሳምንት ከራስ በላይ ምንም አለማንሳት። በዚያ ፈንታ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በር ላይ አስሮ፣ ክርን ከጎን ሳይለይ፣ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ መሳብ፤ ጀርባ የሚያጠነክሩ መሳቦችን ማብዛት። ከዚያ በባዶ እንጨት፣ ከዚያ በባዶ ብረት፣ ሁለቱም እጅ እኩል፣ ከፊት። አራት ሳምንት ካልገፋሁ ጉልበቴ ይወርዳል፤ ነሐሴ ደግሞ ሩቅ አይደለም። እስካሁን ልወስን አልቻልኩም። ጠዋት ጎማውን እስብና ሸዋዓለም የማታይ ይመስል ብረቱንም እገፋለሁ።

ሌላም ልነግርዎ ያልፈለግሁት ነገር አለ። መይሙና የምትባል ልጅ ከጠዋት ሴቶቼ መካከል አለች። ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው፤ የምላትን ሁሉ እንደ ጸሎት ይዛ ነው የምታደርገው። ትናንት ቦርሳዋን በግራ ትከሻዋ አንጠልጥላ ስትመጣ አየኋት። ጠየቅኋት። ቀኟን ነው።

እኔ ወደ እርስዎ ስመጣ የጠመንጃ ያዡ ቤት፣ የድሮው ጂም፣ ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ከተዛወራችሁ ዓመት ሞልቶ ነበር። ያን ቤት አላየሁትም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ ጣሪያው ምን ይመስል ነበር?

ነጅማ


ልደታ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017

ለጋሽ ዱጉማ፤

አብዱልሃኪም ሁለት ጊዜ ደርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። «ደህና ናቸው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ደብዳቤ ግን የለም» ይለኛል። ተጠሪው በተሰጣቸው ቀነ ገደብ መልስ አላቀረቡም ብዬ ልቀልድ አሰብኩና ተውኩት። ያስከፋሁዎት ከሆነ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እናቱ ቤት ካለ ሳጥን ውስጥ አብዱልሃኪም አንድ ፎቶ አገኘ። እርስዎ መሃል ላይ ነዎት፤ ጸጉርዎ ጥቁር፣ ደረትዎ የመኪና ኮፈን የሚያህል። ከመኪና ማርሽና በሲሚንቶ ከተሞላ ጣሳ የሠሩትን ብረት ሽቅብ ገፍተውታል። ቀኝ እጅዎ ከራስዎ በላይ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ፊት ለፊትዎ ትልቅ የቁም ሳጥን መስታወት አለ። ከላይ ደግሞ ቆርቆሮው። በግራ በኩል ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ እየወረደ ይመጣል፤ ዝቅ ያለበት ጋ ከውስጥ ወደ ውጭ የጎደጎደ ምልክት ይታያል፤ አንድ ከባድ ነገር እንደመታው ያለ።

አብዱልሃኪምን «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። «እኔ ስገባም ነበረ» አለኝ።

ምንም አልደመድምም። የምጠይቀው ስለሚያስፈልገኝ ነው። አገፋፉ እኔ የማላውቀው እውነተኛ ምክንያት ካለው ሕመሙን ችዬ እቀጥላለሁ፤ እርስዎን አምኜ ነው እስከዛሬ የመጣሁት። ከሌለው ግን ዛሬውኑ ትቼ አራቱን ሳምንት መጀመር አለብኝ። ሁለቱንም አጣምሬ ልሄድ አልችልም፤ ጊዜው አያደርሰኝም። እባክዎ ይጻፉልኝ።

ነጅማ


ጅማ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017

ነጅማ፤

አብዱልሃኪምን ባዶ እጁን የሰደድኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ላይ አትቆጪ። አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይሄ አምስተኛው ነው።

ጣሪያው ነው።

የጠመንጃ ያዡ ቤት ቤት አልነበረም። ከጎረቤታችን ከወይንሀረግ ግንብ ላይ ያስደገፍኩት ቆርቆሮ ነው። በስተግራ ግንቡ ጋ ከፍ ይላል፣ በስተቀኝ ይወርዳል። ብረቱ ረጅም ነበር። ቀጥ አድርገሽ ስትገፊው የቀኙ ጫፍ ቆርቆሮውን ይመታል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቀን በኃይል መታሁት። ወይንሀረግ ቤቷ የተናደ መስሏት ነጠላዋን ሳትይዝ ሮጣ ወጣች። ያየሽው ጉድጓድ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀኙን ወደ ኋላ፣ ግራውን ወደ ፊት ጠምዘዝ ሳደርገው ብረቱ ሰያፍ ሆኖ አለፈ። አገጭ ወደ ግራ የሆነው አፍንጫ እንዳይልጥ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ዞራችሁ ለምን አልቆማችሁም ትያለሽ። አውቅሻለሁ። ዞረን ብንቆም ጣሪያው አይነካንም ነበር። መስታወቱ ነው ያላዞረን። ምስማር የሚይዝ የእኛ ግድግዳ ያ የፊቱ ብቻ ነው። ወይንሀረግ በግንቧ ላይ ምስማር አይመታም አለች፤ ሌላው ጭቃና ቆርቆሮ ነው። ወጣት ነበርን ነጅማ። ለጤና ብለን ብረት የምንገፋ እንዳይመስልሽ። ራሳችንን ለማየት ነበር። መስታወት የሌለበት ጎን ዞሮ የሚገፋ ሰው አልነበረም።

እነ አብዱልሃኪም፣ እነ አብዱሰመድ ሲመጡ አገፋፉ ቀድሟቸው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠምዝዘው ስለሚገፉ አንዳቸውም ጣሪያውን መትተው አያውቁም። ስላልመቱት አላሰቡትም። የቤቱ ወግ መሰላቸው። እኔም ተውኳቸው፤ ሳልደብቅሽ ልንገርሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር። የዱጉማ አገፋፍ ሲሉ።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ የገባን ቀን ቀና ብዬ አየሁ። ያን የሚያህል ጣሪያ! ያኔ ነው የገባኝ። «ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ» ልል አፌን ስከፍት አብዱሰመድ አንዱን አዲስ ልጅ «ቀኝ እጅ ወደ ኋላ፤ እዚህ ቤት እንዲህ ነው» እያለ ያስተምራል። በኩራት ነበር የሚናገረው። ዝም አልኩ። በማግስቱ ዝም ማለት ቀለለኝ። ከዚያ አንቺ መጣሽ፤ አንቺንም እንደዚያው አስተማርኩ።

ስለ እጄ ትክክል ነሽ። ከአገጬ በላይ አይወጣም። ጸጉሬን በግራ አበጥራለሁ፤ ኮቴን እንዳለች ትሰቅልልኛለች። ጅማ የመጣሁት ለአየሩ አይደለም። እጁን የማያነሳ አሠልጣኝ ምን ብሎ ያሳያል? ማንም ሳያይብኝ መሄድ ፈለግሁ።

ያቺን መይሙናን አላውቃትም። ስሟን ስትጽፊልኝ ግን በጣም አፈርኩ።

ትቼዋለሁ፤ አንቺም ተይው። ቀጥ አድርገሽ ግፊ። ሐኪሟ ያለችሽን አድርጊ። ነሐሴ ላይ ካልሆነልሽ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ዱጉማ


ልደታ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017

ለጋሽ ዱጉማ፤

ተናድጃለሁ። ይህን መጀመሪያ ካልጻፍኩ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ሦስት ዓመት! ደብዳቤዎን አንብቤ በዚያን ቀን ሁለት ባለጉዳይ አመናጭቄ መለስኩ። ለአንድ መስታወት!

ብረቱን ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን አቆምኩ። አራቱ ሳምንት ሐምሌ 26 ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ፈተናው ሁለት ሳምንት ብቻ ይቀረኛል። ሸዋዓለም ቁጥሩን ሰምታ «ቀደም ብለሽ ብትመጪ» አለች እንጂ አይሆንም አላለችም። ሌሊት መተኛት ጀምሬያለሁ፤ ሂጃቤንም ራሴ እሰካለሁ።

ንዴቴ ሲበርድ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎ። ነገሩን ሳላይ ማመን አልቻልኩም። ጠዋት ሌሎቹ ሳይመጡ ከመይሙና ጋር ጂሙ ውስጥ ገመድ ወጠርን፤ በግራ ከፍ አድርገን፣ ወደ ቀኝ እያወረድን፣ በፎቶው ልክ። ከዚያ ትከሻችንን እንዳያመን በርጩማ ላይ ቆመን፣ እሷ በግራ እኔ በቀኝ ሆነን ረጅሙን መጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ አወጣነው። ቀጥ ስናደርገው ገመዱን መታ። ጠምዘዝ ስናደርገው አለፈ። እውነትም ያልፋል! ገመዱን ጭራሽ ሳይነካ! መይሙና አጨበጨበች። ጋሽ ዱጉማ፣ ብልህ ነበሩ። ለዚያ ጣሪያ ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ መናደዱን አልቻልኩበትም።

የጠዋቶቹ ሴቶች ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጥ አድርገው እየገፉ ነው። መይሙና ለጊዜው ከብረት አርፋለች፤ ሕመሙ ገና ትኩስ ስለሆነ ቶሎ ይተዋታል ብላለች ሸዋዓለም። ለነአብዱሰመድ ግን አልነገርኩም። እኔ ብነግራቸው «እሷ ማን ናትና» ይሉኛል፤ ደግሞም ነገሩ የእርስዎ ነው።

አሁን እኔ ላዝዝዎ። መጀመሪያ እዚያው ጅማ ሐኪም ይይዎት፤ ሳይታዩ ምንም እንዳይጀምሩ። ከፈቀደልዎት በር አጠገብ ግድግዳ ፊት ይቁሙና የቀኝ ጣቶችዎን በግድግዳው ላይ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያስኪዱ። ሲነክስዎ ያቁሙ፤ አይፎካከሩ። የደረሱበት ላይ ሩሃማ በእርሳስ ምልክት ታድርግ። በየሳምንቱ የት እንደደረሱ ይጻፉልኝ።

ነጅማ


ጅማ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017

ነጅማ፤

ሐኪሙ አየኝ። ቆይቷል፣ ግን ይንቀሳቀሳል አለ። ጮክ ብሎ ስለሚናገር ወደድኩት።

የመጀመሪያው ምልክት አገጬ ጋ ነበር። ሁለተኛው አፍንጫዬ ጋ ነው። ሩሃማ በርጩማ ላይ ቆማ ታሰምራለች፤ አጭበርብሬ በጣቴ ጫፍ ስቆም ትቆጣኛለች። አንቺን ትመስላለች።

በሩ አጠገብ የኮት መስቀያ አለ። እስከዚያ እሄዳለሁ ብያታለሁ። ገና ብዙ ነው።

መናደድሽን በመጻፍሽ ደግ አደረግሽ። ስለ ገመዱ የጻፍሽውን እንዳለች ሁለት ጊዜ እንድታነብልኝ አደረግሁ።

አሁን ብረቱ ስንት ኪሎ ላይ ነሽ ብዬ አልጠይቅም። አያምሽም ወይ?

ዱጉማ


ልደታ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017

ለጋሽ ዱጉማ፤

ሰላምታውን ዛሬ መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ።

ያለፈው ጥያቄዎ ላይ አያመኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አልጻፍኩም፣ ምክንያቱም እውነት አልነበረም። ባዶውን ብረት ስገፋ አያመኝም፤ ሃያ ኪሎ ላይ ስደርስ ግን እጄ በገዛ ራሱ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ሸዋዓለም ትከሻሽ ድኗል፣ ልማድሽ ነው ያልዳነው አለችኝ። እንዲጨነቁ አልፈለግሁም።

ፈተናው ሜዳ ላይ ነበር። ጠዋት ዘንቦ ሣሩ ረጥቧል። ሩጫው አለፈ፣ ደረጃው አለፈ። መስቀያው ጋ ደክሞኝ ደረስኩ። ጥቅሉን አቅፌ አነሳሁና፣ ጋሽ ዱጉማ፣ ቀኝ እጄ ወደ ኋላ ሄደ። አገጬም ወደ ግራ። ያው ቦታ ነከሰኝ። ጥቅሉን መሬት ላይ መለስኩት። ፈታኙ ሰዓቱን እያየ «ትቀጥያለሽ?» አለኝ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። እርስዎን ረገምኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ የሸዋዓለም ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከምንድን ነው የምሸሸው? ቀና ብዬ አየሁ። ዳመና ነበር። ከላዬ ምንም አልነበረም፤ ቆርቆሮ የለ፣ ግንብ የለ። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ጥቅሉን በፊቴ፣ በሁለት እጄ እኩል አድርጌ፣ ያንን ዳመና እያየሁ አነሳሁት። ተሰቀለ። አወረድኩት፣ ደገምኩት። አምስቱንም ሰቀልኩ። አምስተኛው ላይ ፈታኙ ራሱ «አይዞሽ» ሲል ሰማሁት።

ዛሬ ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ። ስሜ አለ። ከሴቶቹ ሦስተኛ ነኝ።

እነአብዱሰመድ ጂሙ ውስጥ ሆ ብለው ተቀበሉኝና «የዱጉማ አገፋፍ!» እያሉ ጨፈሩ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት እንደሚቀል ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለካ እንዲህ ነው።

እንዴት ናችሁ? ምልክቱ የት ደረሰ?

ነጅማ


ጅማ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017

ነጅማ፤

ደብዳቤሽን ራሴ አነበብኩት። ከዚያ እንዳለች አነበበችው። ከዚያ ሩሃማ ፊደል እየቆጠረች አነበበችውና ዳመናው ጋ ስትደርስ ወጥታ ሰማይ አየች። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ፤ ዕንባዬ መጣ። ሦስተኛ መውጣትሽን ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ሰሙኝ እንጂ የመለሱልኝን አልሰማሁም።

መርገምሽን ይቅር ብያለሁ። ይገባኝ ነበር።

ዝም አልኩ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ ላይ እንዲያድር አልፈልግም። መስከረም 4 ከአብዱልሃኪም ጋር እመጣለሁ፤ ከፊት ወንበር ላይ ቦታ ይዞልኛል። አብዱሰመድን፣ ሙከሚልን፣ ገብረየሱስን፣ ያቺን መይሙናንም ሰብስቢልኝ። ስለ ጣሪያው እኔው እነግራቸዋለሁ። ስለ መስታወቱም። ከዚያ ቀኝ እጄን አንስቼ አሳያቸዋለሁ፤ እስከደረሰበት ድረስ። ይዩት።

ያን ገመድ ፈትታችሁት ከሆነ መልሳችሁ ወጥሩት። ሲያዩት ይገባቸዋል፤ እኔ ስናገር ብዙ አልችልም።

ምልክቱ ትናንት ከግንባሬ በላይ አለፈ። መስቀያው ጋ ለመድረስ ሦስት ጣት ይቀረዋል። እስከ መስከረም 4 አይደርስም። ኮቴን አንቺ ትሰቅይልኛለሽ።

ዱጉማ